በቃል የሚፋቅ ፊት

በ1937 እ.ኤ.አ. ስታሊን በሞስኮ–ቮልጋ ቦይ ዳር ፎቶ ሲነሳ የምስጢር ፖሊሱ አዛዥ ኒኮላይ የዦቭ ከጎኑ ነበር። የዦቭ ከሥልጣን ወርዶ በ1940 ተረሸነ፤ ከፎቶውም ተፋቀ፤ በቆመበት ቦታ የሚታየው የቦዩ ውሃ ብቻ ሆነ። ያኔ ለዚህ የሠለጠነ እጅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «ዳር ላይ ያለውን ሰው አጥፋ፤ ቦታውን በውሃ ሙላ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሥራው ከእጅ ወደ ቃል ሲዛወር ዕዳውም ወደ ቃሉ ባለቤት ይዛወራል፤ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የሚጽፍ ሰው ምስክርነት እየሰጠ ነው።

ማሽኑ የጠፋውን አያስታውስም። የተቀደደ የቤተሰብ ፎቶ ሰጥተው «አድስልኝ» ቢሉት የጎደለውን ጉንጭ ከተማረባቸው እልፍ ፊቶች ገምቶ ይሞላዋል፤ የሚወጣው ጥርት ያለ፣ ግን የባዕድ ሰው ፊት ሊሆን ይችላል። «ግንባሩ ላይ ያለውን ጭረት ብቻ አጥፋ፤ ዓይኑን፣ የፊቱን መስመሮች፣ ነጠላውን እንዳሉ ተው» ያለ ሰው ለግምቱ ድንበር አበጅቶለታል። ማሽኑ ድንበሩን ሊያልፍ ስለሚችልም ውጤቱን ከዋናው ፎቶ ጋር ማስተያየት የሰውየው ፈንታ ነው። የማይነካውን ለይቶ መጥራት ጥሩ ሙያ ነው፤ ለእውነት መታመንም ከዚሁ ይጀምራል።

ፎቶ ድሮም ንጹሕ አልነበረም፣ አንሺው ማዕዘን ይመርጣል፣ ሲያጥብም ብርሃን ያስተካክላል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ከነበረው መምረጥና ያልነበረውን መፍጠር ግን ይለያያሉ። የሚከብደው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሆኖም ተታለልኩ የሚል የለም፤ ሥዕሉ የእምነት ቋንቋ መሆኑን ሠዓሊውም ምእመኑም ያውቃሉ። እንግዲያው ሐሰቱ ያለው ለውጡ ላይ ሳይሆን፣ የተለወጠውን እንደነበረ አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ሲከለክሉ ተጠያቂ የሚያደርጉት ባልንጀራ ያለውን ሰው ነው፤ ማሽን ባልንጀራ የለውም፤ «ማሽኑ ነው ያደረገው» የሚለው ማመካኛም አይቆምም። ደግሞ ለማሽኑ የምንጽፈው ትዕዛዝ ሐሳባችንን በጽሑፍ ይዞታል። የሕፃንን ማንነት ለመጠበቅ ፊቱን ያደበዘዘ ሰው ትዕዛዙን ከምስሉ ሥር ቢያትመው አያፍርበትም፤ ከምስሉ ሥር ሲታተም የሚያሳፍረን ትዕዛዝ ግን ከመጀመሪያውም መጻፍ ያልነበረበት ነው።