የተባረረው ተማሪ አማና

አንድን ወጣት ባጠፋው ጥፋት ሳይሆን በአባቱ ዘር ምክንያት ከትምህርት ገበታ ማስነሳት በደል መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። አባራሪው መንግሥት ሲሆን፣ አብሮት ይማር የነበረው ጓደኛና ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ምን ዕዳ አለባቸው?

የጀርመን ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 አዲስ የሚገቡ አይሁድ ተማሪዎች ከመቶ 1.5 እንዳይበልጡ በሕግ ወሰኑ። በ1938 መጨረሻ የቀሩትም ተባረሩ። የቻለ ተሰደደ፤ ካልቻሉት እጅግ ብዙዎቹ ተገደሉ። የሕጉ ስም ግን ስለ ጥላቻ አያነሳም፤ የትምህርት ቤቶችን መጨናነቅ ስለ መከላከል እንጂ። ለቀረው ተማሪ «ወንበር ሰፋልህ» ማለት ነው። የበደል ተካፋይ የሚያደርገውም ይኸው ስጦታ ነው።

በመጠን ከዚያ ጋር የማይወዳደር፣ ያንኑ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ግን በአገራችንም ደርሷል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ተነሳ። ከሰኔ ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ኤርትራውያንንና የኤርትራ ተወላጆችን ማስወጣት ጀመረ፤ ቁጥራቸው ወደ 75 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ፣ ተገፍተውም ወጡ። ከአሥመራ ዩኒቨርሲቲ በልውውጥ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ተይዘው ፍቼ፣ ቀጥሎም ብላቴ ካምፕ ገቡ።

አቃቂን በመሰለ የፋብሪካና የባቡር ከተማ ያደገ ሰው የጎረቤቱን ፈረቃ እንጂ ዘሩን ቆጥሮ አያውቅም። በአንድ ሌሊት ግን ጎረቤት «የጠላት ወገን» ተባለ። ቤቱና ዕቃው በዘመድና በጎረቤት እጅ የቀረ ብዙ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ጠላት ሲባል አማናው ይፈርሳልን?

መልሱን ከሂጅራ እናገኛለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እ.ኤ.አ. በ622 መካን ለቀው ሲወጡ ዐሊን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ ያስቀሩት፣ እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን የመካ ሰዎች አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ከአገሩ የተገፋው የገፊዎቹን አማና ከመለሰ፣ በቤቱ በሰላም ያደረ ሰው የተባራሪውን አማና እንዴት ይበላል?

አማና ደግሞ ቁልፍና ዕቃ ብቻ አይደለም። የተማሪ አማናው ደብተሩ፣ የትምህርት ማስረጃውና መልካም ስሙ ነው። ጓደኛው የጫነውን መኪና ማስቆም አይችል ይሆናል። ነገር ግን ደብተሩን ሊያስቀምጥለት፣ «ደግ ጓደኛዬ ነበር» ብሎ ሊመሰክርለት፣ በባዶው ወንበር ከመደሰት ሊታቀብ ይችላል። «ብናገር እኔንም ይወስዱኛል» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ፍርሃት ዝምታን ይቅር ያሰኝ ይሆናል፤ በሰው ጉዳት ማትረፍን ግን አያስፈቅድም።

በ1996 ዓ.ም. በአገር ውስጥ የቀሩ የኤርትራ ተወላጆች ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ መመሪያ ወጣ። በሐምሌ 2010 ሁለቱ መንግሥታት የጦርነቱን ማብቃት አወጁ፤ በአውሮፕላን ተሳፍረው ከዘመዶቻቸው ጋር የተቃቀፉም ነበሩ። ሕግ ዜግነትን ይመልሳል፤ በሃያ ዓመቱ የተቋረጠን ትምህርት ግን ማን ይመልሳል? ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችን የክፍል ጓደኛቸው በዘሩ ሲሰደብ ሰምተው ሲመጡ «አንተን አይመለከትህም» አንበላቸው። ያ ልጅ አጠገባቸው የተቀመጠ አማና ነው። ወላሁ አዕለም።