የተበተነ ጎረቤት ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ የአራዳና የፒያሳ ምእመናን፣ ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ፣ ከአንድ ቧንቧ ቀድቶ የኖረ ሰው በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተበተነ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። የጋራ መጸዳጃውን የሚናፍቅም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ሌሊት ሲያመው ግድግዳ አንኳኩቶ የሚጠራው ሰው ያጣ፣ ድንኳን የሚተክልለት እድር የራቀው አዛውንት አለ። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛታቸው የተነሳ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው እንደነበር ሰምታችኋል። ያ ሐቅ ከግንቡ ጋር አልፈረሰም። ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የቀድሞ ጎረቤታችንን አፈላልገን መዘየር አለብን።

ሳይርቅ የራቀም አለ። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ቤት የዋለ ነጋዴ፣ እንቅልፍ አጥታ የምታድር እናት፣ ከሰው ሸሽቶ ከጀማዓ የቀረ ወጣት። እኛ ደግሞ ቸኩለን «ኢማኑ ደክሞ ነው» እንላለን። ወንድሞቼ፣ ይህን ፍርድ ማን ሰጠን? ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ደርሰዋል፤ የነቢይን ኢማን የሚጠረጥር አለ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወሳል። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ትልቅ መጽናኛ ነው። ለስኳር ሕመም ኪኒን የምንውጥ ሰዎች ለድባቴ ሐኪም ቤት መሄድን ነውር ማድረጋችን ግን አይገባኝም፤ ታከሙ ያሉን ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። በየሰፈሩ ስሙን መሳለቂያ ስላደረግነው ነው የበሽተኛው እግር የሚከብደው። ምላሳችንን ከዚያ ቀልድ እንሰብስብ፤ ታማሚውንም ሳናፍር አጅበን እንውሰድ።

ወደ ሀብት ልምጣ። ገንዘብ ያለው ሰው አይጨነቅም አልልም፤ የወርቅ ቤት ባለቤትም እንቅልፍ ያጣል። የቤት ኪራይ የተጠራቀመበት አባወራ ግን «ሶብር አድርግ» ተብሎ በባዶ እጁ ሊሸኝ አይገባም። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚያህል ገንዘብ በእጁ ሆኖ ዓመት የሞላው ሰው፣ ከየመቶው ብር 2.50ው የሱ አይደለም፤ የድሃው ሐቅ ነው። ሴቶች በሚያጌጡበት ወርቅ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ፒያሳ መስኮት ውስጥ ለሽያጭ የተደረደረው ግን ዘካ አለበት። ይህን ሐቅ የተቀባዩን ፊት ለካሜራ ሳናቀርብ፣ በሰው ፊት ሳናሳቅቀው እናድርስ።

የቂያማ ቀን ገንዘባችንን ከየት እንዳመጣነው፣ በምን ላይም እንዳዋልነው እንጠየቃለን። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ወጥታችሁ ስልካችሁን ስትከፍቱ፣ ከሰፈር ለወጣ አንድ ጎረቤት ደውሉ። ደህና ነኝ ቢላችሁም በዚያ አትወሰኑ፤ ሄዳችሁ እዩት።