መስጠት ለማን?

የደብረ ታቦር ብርድ ከጉና ተራራ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ ማለዳ ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ ግን ብርዱ ሳይሆን ከአጥራችን ውጭ የሚሰማው ድምፅ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል፣ ድምፁ የጎረነነ የቆሎ ተማሪ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻችንን በበትሩ እየመከተ ይቆማል። እናቴ ቁራሽ እንጀራ ትሰጠኝና «ቶሎ አድርስለት፤ አታስቁመው፤ አገርህ የት ነው ብለህም አትጠይቀው» ትለኛለች።

አንድ ቀን ትኩሱን ለራሴ አስቀረሁና ለውሻ የተቀመጠውን ደረቅ እንጀራ ሰጠሁት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ስትል አየችኝ። አልገረፈችኝም። ትኩሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ወጣች፤ ተማሪውን ይቅርታ ጠየቀችው። ተመልሳም «የነጠቅኸው የእሱን አይደለም፤ እሱን የሚመግበው አያጣም። የእኔን ነው የነጠቅኸኝ። ለራሴ ነበር የሰጠሁት» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ «ለራሴ» የሚል ቃል ለብዙ ዓመት ከራሴ አልወጣም። የምንራራው ለድኻው ነው? ወይስ ድኻው ነፍሳችን የምትሻገርበት ድልድይ ነው? ድልድይ ከሆነ፣ እኛ እንድንጸድቅ እሱ ሁልጊዜ ከደጃፋችን እንዲቆም የምንፈልግ አንመስልም ወይ?

ልማዱን ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው ግን በቅድሚያ ጋይንት ደርሶ ይመለስ። የድጓው ምስክር ቤት ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ በዚያ ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የተማረው ሁሉ በጀት መዳቢ፣ ቀለብ ሰፋሪ ኖሮት አይደለም የተማረው፤ ከገበሬው ቤት በተገኘ ቁራሽ ነው። ለማኙ አያፍርም፤ የሚጠራው የራሱን ችግር ሳይሆን የማርያምን ስም ነውና። ሰጪውም አይኮራበትም፤ ዛሬ ውሻ የጮኸበት ልጅ ነገ መሪጌታ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ልመና ብሎ ማለፍ ድፍረት ይመስለኛል።

ይሁንና ምጽዋት ጆሮ እንጂ ዐይን የለውም። የሚጮኸውን ይሰማል፤ ዝም ያለውን አያይም።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። አቶ ዙምራ ኑሩ የተባሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያስጨነቃቸው፣ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውላ የቤቱ ሥራ ደግሞ በእሷ ብቻ መውደቁ፣ ያረጀና የታመመ ሰውም ረዳት ማጣቱ እንደ ነበር ተናግረዋል። ያን ጊዜ እንደ እብድ የቆጠራቸው ብዙ ነበር። በደርግ ዘመን ማብቂያ ማኅበረ ሰቡ ሸሽቶ እስከ ቦንጋ ተሰደደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ የተረፈው መሬት 17.5 ሄክታር ገደማ ስለ ነበር ኑሮውን በሽመና ላይ አደረገ።

በአውራ አምባ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ አምልኳችን መልካም ሥራ ነው ይላሉ። ከሳምንቱም አንዱን ቀን ለራሳቸው አይሠሩም፤ የዚያ ቀን ሥራ ጧሪ ላጣ አረጋዊ፣ ለታመመና ወላጅ ለሌለው ነው። አረጋውያኑ የሚጦሩበት ቤትም አላቸው።

እኔ የደብር ልጅ ነኝና ሁሉም አይዋጥልኝም። ሙታቸውን ያለ ተዝካር መሸኘታቸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል። በተራና በቀን የሚሠራስ ርኅራኄ ይባላል ወይ? እናቴ ያን ልጅ ዐይን ዐይኑን እያየች ይቅርታ እንደ ጠየቀችው፣ የተቆረጠ ቀን ይቅርታ ይጠይቃል? ብቻ አንድ የማልክደው ነገር አለ፤ እዚያ ያረጀ ሰው የማንንም ስም ጠርቶ አይለምንም። የሚቀበለው ድርሻውን ነው። ለመጮኽ አቅም ያጣውም አይረሳም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ማን እንደ ሆነ ደግሞ ልናገር። አዲስ አበባ በኖርሁባቸው ዓመታት ወር በገባ በ21፣ ብር ዘርዝሬ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተደረደሩት ነዳያን ሳንቲም ሳድል ኖሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የአንዱን ፊት እንኳ አላስታውስም። በዚያው ዘመን ደብረ ታቦር የእናቴ ዐይን ፈዘዘ፤ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ገንዘብ እልክላት ነበር፤ ገንዘብ ግን ውኃ አይቀዳም፤ እጅ ይዞ ወደ ደጅ አያወጣም። ይህን ያደረገችላት ከቤታችን ጀርባ የምትኖር፣ እንጨት እየሸጠች የምታድር፣ እኔ እትዬ የምላት ሴት ናት። ለቆሎ ተማሪ አንድ ቀን ያልነፈገች እናቴ ለዚች ሴት ቁራሽ ስትልክ ግን አይቼ አላውቅም። አትለምንማ!

እናቴ ባረፈች በአርባዋ ተዝካሯን አወጣን። ካህናቱ በሉ፤ ነዳያኑ በሉ። እትዬ ጓዳ ሆና ወጥ ስትጨልፍ ዋለች። ማምሻውን ቤቷ ሄጄ በፖስታ ያዘጋጀሁትን ገንዘብ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችም፤ አልተቆጣችምም።

«ለማን ብለህ ነው ልጄ?» አለችኝ።

«ለእናቴ» ልል አሰብሁ። «ለአንቺ እትዬ» ማለትም ቀርቦልኝ ነበር። ሦስተኛው መልስ፣ የእናቴ መልስ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሷም አልጠበቀችኝም፤ ጀበናው ፈልቶ ነበርና ወደ ምድጃው ዞረች። «ቁጭ በል» አለችኝ፤ «ቶናው ሳይደርስ አትሄድም።»