የነዳጁ ሳንቲም የማነው?

በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ሳንቲም እየለቀመ መንገድ እንዲያስጠግን ተደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መንገዱን የሚጎዳው መኪና ነውና ባለመኪናው ይክፈል። እኛም ፍትሕ ነው እንላለን። ግን ከፋዩ ማነው? ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ታክሲ የምንጋፋ ሁሉ ከፋዮች ነን። ነዳጅ ሲወደድ ታሪፍ ይጨምራል፤ ቀረጡም ዞሮ ዞሮ ከኛ ኪስ ይወጣል። ታዲያ ገንዘቡ ለመንገድ ጥገና ብቻ ከዋለ፣ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ከፍሎ ቀረ ማለት አይደለም ወይ? «መንገዱ ለአውቶቡሱም እኮ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ግን አውቶቡሱ ካልመጣ ያማረ መንገድ ለእግረኛው ምን ይፈይድለታል? መንገድ የሚሠራው ለጎማ ሳይሆን ለሰው ከሆነ፣ ከነዳጅ የተለቀመው ሳንቲም አውቶቡስም ይግዛ።