እረኛ ምን አየ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና በዓል የሚቀርብ አጭር ቴአትር ከገጠር ልጆች ጋር በምናዘጋጅበት ጊዜ፣ ከእረኞቹ አንዱን ሆኖ ይጫወት የነበረ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልምምዱን አቋርጦ፣ «ጋሼ፣ በጎቹን ለማን ትተን ነው የምንሄደው?» ሲል ጠየቀኝ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ የጠየቀው ከልቡ ነበርና። ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቃቸው ሰባት በጎች ነበሩት። መንጋን በሌሊት ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 በገለጥሁ ቁጥር የዚያ ልጅ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህች ጽሑፍ የዘገየች መልስ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል የልደቱን ታሪክ የሚተርኩት ማቴዎስና ሉቃስ ብቻ ናቸው። ማቴዎስ የሚያውቀው ሰብአ ሰገልንና ሄሮድስን ነው፤ እረኞችን አያነሣም። ሉቃስ ደግሞ እረኞቹን እንጂ ሰብአ ሰገልን አያውቅም። ሁለቱን ወገን በአንድ ግርግም ዙሪያ ያሰባሰባቸው የሠዓሊዎች ብሩሽና የምእመናን ልማድ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። መጽሐፉን «የከበርህ ቴዎፍሎስ ሆይ» ለሚባል ሰው የጻፈው፣ የግሪክ ቋንቋውም የተዋጣለት ሉቃስ፣ የዚህን ሁሉ ነገር የመጀመሪያ ምስክሮች አድርጎ ስለ ምን የሌሊት ጠባቂዎችን መረጠ?

ተውኔት የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ገጸ ባሕርያት ወደ መድረክ የሚገቡበትን ተራ ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 2 አስቀድሞ የሚጠራው አውግስጦስ ቄሣር ነው፤ ዓለም ሁሉ ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። ቀጥሎ የሶርያው ገዥ ቄሬኔዎስ፣ ከዚያም ትእዛዙን ለመፈጸም የሚጓዘው ዮሴፍ ከእጮኛው ጋር ይመጣል። በመጨረሻ እረኞቹ ይገባሉ። ስም የላቸውም፤ ስንት እንደነበሩ እንኳ አልተጻፈም። ቄሣር ሰውን ሁሉ በየስሙ ሲያስቆጥር፣ ታሪኩ የሚፈልጋቸው ሰዎች ግን ሳይቆጠሩ ሜዳ ላይ ናቸው።

ይህ አቀማመጥ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል በጥንታዊቷ የፕሪኔ ከተማ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። የሮም ግዛት የነበረችው የእስያ አውራጃ ከተሞች የአውግስጦስ ልደት ቀን የዓመት መባቻ እንዲሆን የወሰኑበት ነው። ጽሑፉ የዚያን «አምላክ» ልደት ለዓለም የምሥራች መጀመሪያ አድርጎ ያወድሰዋል። በዚያ ድንጋይ ላይ ያለው የምሥራች የሚለው የግሪክ ቃል እኛ «ወንጌል» የምንለው ቃል ነው። ሉቃስም መልአኩ ለእረኞቹ ያመጣውን ነገር ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ይጠራዋል። የአንዱ ልደት በጉባኤ ተወስኖ፣ በድንጋይ ተቀርጾ፣ በአደባባይ ተተከለ። የሌላው በጨለማ፣ ከመንጋቸው መካከል ተነሥተው አደባባይ ለማይደርሱ ሰዎች በቃል ተነገረ። የድንጋዩ ስብርባሪ ዛሬ የሊቃውንት መመርመሪያ ሆኗል፤ የቃሉን ዕጣ አንባቢ ያውቀዋል።

ሰባክያን ብዙ ጊዜ «እረኛ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ፣ ምስክርነቱም የማይታመን ነበር» ይላሉ። ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እረኛ ለምስክርነት እንደማይበቃ የሚናገረው የባቢሎን ታልሙድ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ የተጠናቀረው ሉቃስ ከጻፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በሌላ በኩል አብርሃምም፣ ሙሴም መንጋ ጠባቂዎች ነበሩ። ዳዊት ራሱ የዚችው የቤተ ልሔም ልጅ ነው፤ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ በመጣ ጊዜ ወንድሞቹ በየተራ ሲቀርቡ እርሱ በበጎች ዘንድ ነበርና ያስታወሰው አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት ነገሩ ንቀት ከመባል ይልቅ መዘንጋት ቢባል ይሻላል። እረኛ አይጠላም፤ አይቆጠርም እንጂ።

የሆነ ሆኖ የታልሙዱ ሊቃውንት የሰጡት ምክንያት ሊጤን የሚገባው ነው። እረኛ የማይታመነው መንጋውን በሰው እርሻ ላይ ስለሚያሰማራ ነው ይላሉ። በጋ ላይ ፍየሉ አምልጣው የጎረቤት ሽምብራ በበላችበት ምክንያት በልምጭ የተገረፈ ሰው ይህን ክስ በደንብ ይረዳዋል። ከብት ድንበር አያውቅም፤ ድንበሩን ያበጀው ባለ መሬቱ ነው፤ ሕጉንም የሚጽፈው ባለ ድንበሩ ነው። እንግዲህ የእረኛው ቃል የረከሰው ሐሰተኛ ሆኖ ሳይሆን የሚግጥበት መሬት የሌለው ሆኖ ነው ማለት ነው። የምስክርነት ጥያቄ ከሥሩ ሲቆፈር የመሬት ጥያቄ ሆኖ መገኘቱ እኛን ኢትዮጵያውያንን ሊያስደንቀን አይገባም። (ዛሬ ከቤተ ልሔም በስተ ምሥራቅ በቤት ሳሁር የግሪክ ኦርቶዶክሶችና ፍራንሲስካውያን እያንዳንዳቸው «የእረኞች ሜዳ ይህ ነው» እያሉ ሁለት የተለያየ ቦታ ያሳያሉ። እረኞቹ ምናልባት የእኔ የሚሉት ስንዝር ያልነበራቸው ሜዳ ባለቤት በዝቶበታል።)

የገዛ ቋንቋችንም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለም። በግእዝ የቤተ ልሔም እረኞች «ኖሎት» ይባላሉ፤ ነጠላው «ኖላዊ» ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከገና በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ትጠራቸዋለች፤ ኖላዊ የተባለው ክርስቶስ ነው። ጳጳስም ኖላዊ ይባላል። በአማርኛ ግን ያው ሥራ እረኝነት ነው፤ በከተማ ሰውን «እረኛ!» ብሎ መጥራት ስድብ ነው። ሥራው ሲከብር ግእዝ ይለብሳል፤ በግ ሲከተል አማርኛ ይበቃዋል። ሁለቱን ቃላት አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰባኪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሆኖም አንድ የቆየ ልማድ አለን። በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው በሜዳ ላይ ብቻውን የሚያንጎራጉረው ዘፈን የአገሩ የልብ ትርታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን ልማድ የጥበብ ሰዎች በኩራት እናነሣዋለን፤ እኔም አንሥቻለሁ። ስመረምረው ግን ኩራቴ ይቀንሳል። ዘፈኑ ወደ ግቢ ይገባል፤ ዘፋኙ ግን አይጠራም። ቃሉ የሚፈለገው ደመና ታይቶ ዝናብ እንደሚተነበየው ያህል ነው። ደመናን ምን አየህ ብሎ የጠየቀ የለም።

በሉቃስ ታሪክ እረኛው የሚፈለገው ስላየው ነው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወዲያው አልዘመሩም፤ የሆነውን ሄደን እንይ ተባባሉ። ይህች ምክር ትንሽ ብትመስልም ከባድ ናት፤ ከሰማይ የመጣን ቃል እንኳ በዓይናቸው ሊያረጋግጡ ተነሡ። የተሰጣቸውም ምልክት የሥራቸው ምልክት ነበር፦ በጨርቅ የተጠቀለለና በግርግም የተኛ ሕፃን። በማቴዎስ የከዋክብት አዋቂዎች ኮከብ ተሰጣቸው፤ ኮከብ ማንበብ ሥራቸው ነውና። ለእረኞቹ ግርግም ተሰጣቸው። ግርግም የት የት እንዳለ፣ ሰውም በግርግም እንደማይተኛ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እውነት ለሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ማስረጃ አይቀርብም፤ ሠራተኛው እጁ በለመደው ነገር ያውቀዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማስረጃ መመዘን አይችልም የሚሉ የተማሩ ወዳጆቼ ይህችን ቦታ ደግመው ቢያነቧት እወዳለሁ።

ይህን ከሁሉ የበለጠ የገባው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኖረ፣ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፌ ተውኔት ይመስለኛል። ከዌክፊልድ ከተማ ጋር በተያያዙት ተውኔቶች መካከል «ሁለተኛው የእረኞች ተውኔት» የሚባል አለ። ሲከፈት መልአክ የለም። በብርድ የሚንቀጠቀጡ ሦስት እረኞች እየተከታተሉ ገብተው ያማርራሉ፤ አንዱ ባለ ርስቶችን፣ አንዱ ትዳሩን፣ ትንሹ ደግሞ የሚያሠሩትን ጌቶች። ማክ የሚባል ሌባ እነርሱ ሲተኙ አንድ በግ ሰርቆ ይሄዳል፤ ሚስቱም በጉን በሕፃን አልጋ ጠቅልላ አስተኝታ፣ ገና የወለደች መስላ ታቃስታለች። እረኞቹ ፈትሸው ምንም ሳያገኙ ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ ግን ለሕፃኑ ምንም ሳንሰጥ መጣን ብለው ይጸጸታሉ፤ ትንሹ ሳንቲም ሊሰጥና ሊስም ተመልሶ ጨርቁን ሲገልጥ ረጅም አፍንጫ ያያል። ሌብነቱ የተገለጠው በፍተሻ አይደለም፤ በስጦታ ነው። በግ መስረቅ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሳለ፣ ማክን በአንሶላ ወደ ላይ እያጎኑ ብቻ ይለቁታል። መልአኩ የሚዘምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሕፃን በግርግም የሚታየው ተመልካቹ በመጀመሪያው አልጋ ላይ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ተውኔት ካነበብሁ ወዲህ በጽድቅ ብቻ የተሞላ የልደት ትርኢት ማየት አልችልም።

ሠዓሊዎችም ገብቷቸው ነበር። የፍላንደሩ ሠዓሊ ሁጎ ቫን ደር ጉስ እ.ኤ.አ. በ1475 ገደማ ለሜዲቺ ባንክ የብሩዥ ወኪል ለቶማዞ ፖርቲናሪ በሠራው ሥዕል፣ ገንዘቡን የከፈለው ባለ ባንክ በጎን ክንፍ ላይ ተንበርክኳል። እረኞቹ ግን ፊታቸው በንፋስ የጠቆረ፣ እጃቸው የሻከረ ሆኖ በመካከለኛው ሰሌዳ ከሕፃኑ አጠገብ ይታያሉ። ሥዕሉ ዛሬ በፍሎረንስ በኡፊዚ ቤተ መዘክር ይገኛል።

በእኛም አገር ትውፊቱ የገናን ጨዋታ የሚያያይዘው ከእነዚሁ እረኞች ጋር ነው፤ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታ የተነሣ በትራቸው ተጫወቱ ይባላል። በዚያን ዕለት አሽከር የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ቁጣ የለም። በላሊበላም በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር ካህናቱ ከላይ ካለው አለትና ከታች ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

እንግዲህ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በማግሥቱስ? በማግሥቱ አሽከሩ ወደ እንጨት ፈለጣው ይመለሳል፤ ጌታውም መቆጣቱን ያስታውሳል። የሉቃስም እረኞች ተመለሱ ተብሎ ተጽፏል። ምዝገባው አልቀረላቸውም፤ ደመወዛቸውም አልተጨመረም። ከዚያ ሌሊት በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታዩም። ሕፃኑ አድጎ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው «ይህ የዮሴፍ ልጅ አይደለምን?» ሲባል፣ «ኧረ እኛ አይተናል» ብሎ የሚነሣ እረኛ የለም። ምስክርነታቸው የት ወደቀ?

«ድኻ ባለበት ተደስቶ ይኑር ማለት ነው» የሚለው ትርጓሜ ለዘመናት ጌቶችን ሲያገለግል ኖሯል፤ እኔ አልቀበለውም፤ ጽሑፉም እንዲህ አይልም። ሌላው ትርጓሜ የምሥራቹ ያገኛቸው በሥራ ላይ ነው፤ ነቅተው የተገኙትም በተረኛ ጠባቂነታቸው ነው፤ ስለዚህ መመለሳቸው ሥራውን ማክበር ነው ይላል። ይህ የተሻለ ነው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያረካኝም፤ ሥራን የሚያከብር ዓለም ሠራተኛውን በስሙ በጠራው ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። በጎቹን ማን እንደጠበቃቸው ሉቃስ አይነግረንም። ለልጁ መልስ ባጣሁለት ጊዜ፣ «እንግዲያው አንዳችን እንቅር» አለና ራሱ ቀረ። በትርኢቱ ዕለት ሦስቱ ወደ ግርግሙ ሲሮጡ እርሱ በመድረኩ ጠርዝ በትሩን ይዞ ተቀመጠ። ተመልካቹ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ዝም አለ። ጓደኞቹ ተመልሰው ያዩትን በደስታ ሲተርኩለት አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ። ለዚያ ቦታ ምንም ቃለ ተውኔት አልጻፍሁለትም ነበርና የሚመልሰው አልነበረውም። ሲጨርሱ ተነሥቶ በጎቹን ቆጠረ።