በከተማ መኻል ስለ መኖር

በግእዝ ሀገር ማለት ከተማ ነው፤ ዐማርኛ ግን ቃሉን አስፍቶ ለምድሪቱ ኹሉ ሰጠው። ከተማ የሚለው ደግሞ ጥንት የንጉሥ ድንኳን የሚተከልበት፥ ሠራዊቱም ዙሪያውን የሚሰፍርበት ቦታ ስም ነበር። ሰፈር የሚባለውም ከዚሁ ከመስፈር የወጣ ነውና፥ ዛሬ በድንጋይ ቤት ተቀምጦ ሰፈሬ የሚል ሰው ሳያውቀው የድንኳንን ቋንቋ ይናገራል። ዐዲስ አበባም ነገሯ ሲመረመር ሳይነሣ የቀረ ሰፈር ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ስሟን ካወጡላት በኋላ፥ የማገዶ ዕንጨት ቢያልቅ ዳግማዊ ምኒልክ ዐዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ተተክሎ ማገዶ ተገኘና ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች፤ የዐዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ኾነ።

በከተማ መኻል መኖር ይሻላል ወይስ በዳር የሚለው ክርክር ከዚሁ ከሰፈር ሥርዐት ይነሣል። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ጉብታ ጉብታ ይዘው በሰፈሩ ጊዜ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ጣዩ፥ ፈረስ ጠባቂው፥ ሸማኔውም በጌታው አጥር ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። የራስ መኮንን፥ የራስ ብሩ፥ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ ስሙ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመኻል ከተማ ባለጠጋውና ድኻው ባንድ አጥር ተደግፈው መኖራቸው ማንም አስቦ ያደረገው ሳይኾን ከልማድ የተወለደ ነበር። በኋላም ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ሲያደርግ፥ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የኾነው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ዐዋጁ ብዙ ባለቤት ያስለቀሰ ቢኾንም፥ መበለቲቱና ጡረተኛው በጥቂት ብር ኪራይ በአራዳና በካዛንቺስ እስከ ዘመናችን ሊቈዩ የቻሉት በርሱ ነው።

የመኻል ከተማ ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ስለ ኾነ ብዙ ቃል አያሻውም። ደወል ሰምቶ በእግሩ ኪዳን የሚደርስ ሰው፥ ሌሊት ሕመም ቢነሣበት ጎረቤት ተሸክሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያደርሰው ሰው፥ ልጁ ከትምህርት ቤት ለምሳ ቤቱ የሚመለስለት ሰው ሀብቱ በብር አይቈጠርም። ከዳር የሚመጣው ግን የቀኑን ራስና ጅራት ለመንገድ ይገብራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከአራዳ እስከ ቃሊቲ፥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተዘርግቶ ብዙውን ሰው ቢያሳርፍም፥ ከመስመሩ የራቀው ሰው ዛሬም ገና ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል።

ጕዳቱም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ጩኸቱ፥ ጢሱ፥ የቤቱ ጥበት፥ ለዐሥር ቤተ ሰብ አንድ መጸዳጃ መኾኑ። ነገር ግን ከዚህ ኹሉ የሚከፋና ብዙ የማይነገርለት ጕዳት በዐይን ላይ የሚደርሰው ነው። የቆሎ ተማሪ በገጠር ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ ስለ ስሟ ለማርያም ሲል ውሻ ይነክሰዋል፤ የቤቱ እመቤት ግን ድምፁን ታውቀዋለች፥ አንድ ቀን ቢቀር ታሞ ይኾን ትላለች። በከተማ መኻል ውሻ አይነክሰውም፤ ቢቀርም ቀረ የሚል የለም። ከቤቱ እስከ ቢሮው ሲደርስ ሠላሳ የተዘረጋ እጅ የሚያልፍ ሰው ለኹሉ መስጠት አይችልምና ላለማየት ይማራል። በመጀመሪያ የሚማረው ከሐዘን ለመዳን ነው፤ ቈይቶ ግን የተማረው ይሠለጥንበትና የገዛ ጎረቤቱን ማየት ይሳነዋል። አራዳ የሚለው የቦታ ስም የሰው ጠባይ ስም ወደ መኾን የተለወጠው ያለ ነገር አይደለም። አራዳ ማለት የማይታለል ማለት ኾነ፤ በየቀኑ የማይታለል ሰው ግን ልመናውን ኹሉ ተንኰል ወደ ማድረግ ያዘነብላል፥ እውነተኛውንም ችግረኛ ከአታላዩ ጋራ አብሮ ያባርራል።

በዚህ ምክንያት ከተማን ፈጽመው የሚነቅፉ ሰዎች መጽሐፍን ጠቅሰው የመጀመሪያውን ከተማ የሠራ ቃየን ነው፥ ሎጥም ሰዶምን መርጦ ተጐዳ ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው መጽሐፍ በገነት ጀምሮ በቅድስት ከተማ ይፈጸማል። ደግሞም አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዳ እንደ ተቀበለ ኹሉ ሎጥም በሰዶም በር ተቀምጦ እንግዳ ተቀብሏልና፥ ድንኳንና የከተማ በር በዚህ አልተለያዩም። ከኹሉ ይልቅ ለዚህ ነገር የሚስማማው በአበው ዜና የሚነገረው የአባ እንጦንስ ታሪክ ነው። የመነኮሳት አባት በበረሃ ሳለ በከተማ የሚኖር አንድ ባለ መድኀኒት በክብር እንደሚተካከለው ተገለጠለት። ያ ሰው ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኾች ይሰጥ፥ በየቀኑም ከመላእክት ጋራ ያመሰግን ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሐኪም መኾኑ ነው፤ ሐኪም ሕመምተኛ ከሌለበት ስፍራ ሊሠራ አይችልም፥ ጽድቁም የተገኘው ከዚያው ከጭንቁ መኻል ነው።

ክርክሩ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ቢኾን ቀላል በኾነ። በ2016 ዓ.ም. በአራዳ፥ በኋላም በካዛንቺስ አሮጌው ሰፈር ለመንገድና ለዐዲስ ሕንፃ ሲፈርስ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ከዚያም በፊት በኮዬ ፈጨ፥ በቦሌ አራብሳ፥ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣለት ሰው ሄዷል። ስለዚህ ነገር በፍርድ መናገር ይገባል። ዝናብ በገባ ቍጥር ምንጣፉን የሚያነሣ፥ ከቦኖ ውሃ የሚቀዳ ሰው የራሱን ቧንቧና የራሱን በር ሲያገኝ ደስ ቢለው ማን ይነቅፈዋል? የድሮውን ጕራንጕር አብዝቶ የሚያመሰግነው ብዙ ጊዜ ያልኖረበት ሰው ነው። ቢኾንም ዕድሩ ሲበተን፥ ሰንበቴው ሲጐድል፥ የተጠፋው ጭቃ ቤት ብቻ አይደለም። ዕድር የሚጸናው ሰው በመተዋወቁ ነው፤ ማን ታመመ፥ የማን በር እስከ ረፋድ ሳይከፈት ቀረ የሚለው ዕውቀት በሠላሳ ዓመት የሚከማች ነውና በመኪና ተጭኖ ከቤት ዕቃ ጋራ አይሄድም።

የጥያቄው ጥልቀት ከአንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ይታያል። ለምሳሌ ያህል በዳር ሰፊ ቤት የሠራ ልጅ አሮጊት እናቱን ከመኻል ከተማ ሊወስዳቸው ይመጣል። አየሩ ንጹሕ፥ ክፍሉ የብቻ፥ የልጅ ልጆችም በአጠገብ ናቸው። ልጅ እናቱን ለማክበር ታዟልና አሳቡ የተቀደሰ ነው። እናት ግን እንቢ ይላሉ። «እማዬ፥ እዚህ ማን አለሽ?» ሲላቸው «እኔስ ማንም የለኝ ልጄ፤ እኔን ብላ የተቀመጠች ግን አለች» ይላሉ። ከግድግዳው ማዶ ዐይኗ የጠፋ ሴት አለች፤ ጧት ቡናዋን የሚያፈሉላት፥ ወር ሲገባ ጡረታዋን ለመቀበል እጇን ይዘው የሚያደርሷት እርሳቸው ናቸው። ልጁ ስለ እናቱ ሲያስብ የሚረዳቸው ሰው እንዳያጡ ፈርቶ ነበር፤ እርሳቸው የፈሩት የሚረዱትን ሰው እንዳያጡ ነው። ብዙ ሰው ሽማግሌና አሮጊትን የሚሸከሙት ሸክም ብቻ አድርጎ ስለሚያይ ይህን ፍርሀት አያውቀውም። ሰፊ ቤት ገብተው በክብር ተቀምጠው በዓመቱ የሚያረጁ፥ የሚጠወልጉ አሉና ምክንያቱን በምግብ ወይም በብርድ የሚፈልግ ሐኪም አያገኘውም።

እንግዲህ ልጁ ከማንሣቱ በፊት እናቱ የማንን በር እንደሚከፍቱ መጠየቅ ነበረበት፤ ዐይነ ስውሯንም አብሮ ለመውሰድ ቢያስብ ቤቱ ሰፊ ነው። እናቲቱም በበኩላቸው ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሄደው፥ ዐይነ ስውሯም ዐርፋ፥ በዙሪያቸው ባንክና ሆቴል ብቻ በቀረ ጊዜ እንቢ ቢሉ፥ ያ የሰው ፍቅር መኾኑ ቀርቶ የግድግዳ ፍቅር ይኾናል፤ ያን ጊዜ የልጅ ልጆቹ ይበልጣሉ። ሰው በመኻል ይኑር ወይስ በዳር የሚለው ለኹሉ የሚኾን አንድ መልስ የሌለው ስለዚህ ነው። ያው ቤት በአንዱ ዓመት ምሽግ፥ በሌላው ዓመት ዕዳ ሊኾን ይችላል።

ወር በገባ በ23 ቀን ገና ሳይነጋ ከዳር ተነሥተው በኹለት በሦስት ታክሲ አራዳ ጊዮርጊስ የሚደርሱ እናቶች አሉ። በሚኖሩበት አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አጥተው አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ተቀምጠው ያልመጣችውን በስም ይጠያየቃሉ፤ የት እንደ ቀረች የሚያውቅ የጠፋ እንደ ኾነ አንዷ ከመቀነቷ የቋጠረችውን ወረቀት ትፈታና ባጠገቧ ለሚያልፈው ወጣት ዘርግታ «ልጄ፥ እስቲ ይህን ቍጥር ደውልልኝ» ትለዋለች።