የማትሸከም አህያ የማን ናት?

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ጮኸ፤ ቄራውም ተዘጋ። እሰየው! ግን ያረጀችውን፣ ጀርባዋ የቆሰለውን አህያ ለጅብ የምንተዋት እኛው አይደለንም እንዴ?

ሽንሌ ውስጥ ባለቤቷ የጣላትን አህያ ደጃፋቸው ላይ አግኝተው ያስጠጉ እናት አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ፍየሎቻቸው ያለቁባቸው ናቸው።

«እናቴ፣ ይህች ምን ትሠራልዎታለች?» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ ስትሸከም ኖራ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ለእርሳቸው እኮ አልተሸከመችም! ቢሆንም የውለታ ዕዳ ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም፤ በቆላው ከተማ ውሃውም ማገዶውም የሚደርሰን በነዚህ እንስሳት ጀርባ ነው። በድርቅ ዘመን ልጁን ባስቀደመ ሰው አልፈርድም። መኖ መግዣ የማናጣው ግን ምን ብለን እናመልጣለን? አህያ አልበላም ማለት ወግ ነው፤ ያበላችንን ማብላት ግን ፍትሕ ነው።